በበር ያልገባ ሰው

ጅማ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1970 ዓ.ም.

…አይደለም፤ ቅርጫቱን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። አንቺ ክዳኑን ነበር በሁለት እጅሽ የተጫንሽው፤ ቡችላው ከውስጥ በአፍንጫው እየገፋ፣ አውቶብሱ ከእንፍራንዝ እስከ ወረታ ባለው ጥርጊያ ሲንገጫገጭ። እማዬ ከፊት ወንበር ዞር እያለች «አፉ ልብሳችሁን እንዳይነካ!» ትላለች። ትንሿ እህታችን ዘይነት ከእግራችን ሥር ተቀምጣ ጣቷን በቅርጫቱ ቀዳዳ አስገብታ ነበር። ማንም አላያትም። እኔ አየኋት፤ ዝም አልሁ። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ «ውሻውም ይሳፈር ጀመር?» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ያለው አይታየኝም። ሁልጊዜ ሳቁ ላይ ይቋረጣል።

እህቴ ሸሪፋ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም ጀመርሁ። አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልሁም። «ዳማ አንድ የቀበሌ ጥበቃ ነከሰ። ሣህሉ የሚሉትን። አባባን ከሰዋቸዋል፤ ውሻውን ወስደውታል። አንተ አታስብ።» ይኸው ነው የጻፍሽልኝ። አታስብ! በሩን ከፍቶ «እሳት ተነሥቷል፣ ተኛ» ብሎ እንደሚዘጋ ሰው።

ዳማን ያሳደግነው በደንብ ነው። ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ጣራ ሥር አይገባም ብለው አባባ ከቤቱ ደፍ እንዳያልፍ አስተማሩት፤ አላለፈም። ዝናብ ሲመታው እንኳ አፍንጫውን ደፉ ላይ አድርጎ ያየናል እንጂ። በበሩ ቆሞ «ቤቶች!» ያለን ሰው ይጮህበታል፤ አይነካውም። ፖስተኛውን፣ ወተት አምጪዋን፣ የዓርብ ለማኞችን፣ ማንን ነክሶ ያውቃል? ታዲያ ይህ ሰው በየት ገባ?

እዚህ ፍርድ ቤት ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ፍርድ በታይፕ ስገለብጥ እውላለሁ። ትናንት ዳኛው ለምሳ ሲወጡ የፍትሐ ብሔሩን መጽሐፍ ከመደርደሪያቸው አውርጄ አነበብሁት። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሳያስበው ቢያመልጠውም ኃላፊ ነው። ገበያ መሐል ሰው የነከሰውንና የጌታውን ጓሮ ሲጠብቅ የነከሰውን በአንድ ገመድ ያስራቸዋል። ገጹን ገለጥሁ፣ ገለጥሁ፤ ጥፋቱ የተጎጂው ሆኖ ሲገኝ ባለቤቱ ነጻ ሊሆን ይችላል የሚል አገኘሁ። አንድ ጠባብ ቀዳዳ። በእሷ እንግባ።

ስለዚህ ሳትሸሽጊ መልሽልኝ። የነከሰው መንገድ ላይ ነው ወይስ ግቢ ውስጥ? ሰውየው በየት በኩል ገባ? ቤት ውስጥ ማን ነበር?

አንድ ነገር ደግሞ፣ እግራቸው ላይ ወድቀሽም ቢሆን አባባን አስቀሪልኝ፤ የተነከሰውን ሰው ሊጠይቁ እንዳይሄዱ። አውቃቸዋለሁ።

ወንድምሽ ጀላሉዲን


ባህር ዳር፣ ህዳር 10 ቀን 1970 ዓ.ም.

ወንድሜ ጀላል፣

ወአለይኩም ሰላም። እማዬ ደህና ናት፤ እኔ ደህና ነኝ፤ ዘይነት ደህና ናት፤ ሱቁም ደህና ነው። አባባን ከዚህ ውስጥ ያላስገባሁት ረስቼ አይደለም።

እንዳይሄዱ ብለህ ስትጽፍ ሄደው ከተመለሱ ሰንብተዋል። ማግስቱን ነው የሄዱት፤ ድፎ ዳቦና ማር ይዘው፣ እማዬን ከኋላ አስከትለው። ሣህሉ እግሩን ጠቅልሎ አልጋ ላይ ነበር። አባባ አልጋው ራስጌ ቆመው «እንስሳው የእኛ ነው፤ አፉ በለን» አሉት። እሱም «ኧረ ምን አደረጋችሁ፣ እንስሳ አይደል!» ብሎ ዳቦውን ቆርሶ በላ። እማዬ በዓይኗ አይታለች፤ ማሩን አጥቅሶ ነው የበላው። እዚህ አገር ለእርቅ የመጣ ዳቦ የቆረሰ ሰው ተመልሶ ከሳሽ ሲሆን ሰምተህ ታውቃለህ? አባባ ቤት ሲገቡ ጫማቸውን እያወለቁ «አለቀ» አሉ። በሳምንቱ መጥሪያ መጣ።

ጥያቄህን ልመልስ። ግቢ ውስጥ ነው የነከሰው። ሰውየው የገባው በሐይቁ በኩል፣ ከደንገሉ ወዲህ ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ወጥቶ ነው። ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ። ያን ሰዓት በሰፈራችን ስንት ቤት ወንድ እንደሌለበት ከግሽ ዓባይ እስከ ፋሲሎ የማያውቅ የለም፤ ሁሉም ጁምዓ ነው።

ሸንጎው በቀበሌው አዳራሽ ተቀመጠ። ሰብሳቢው አንዳርጋቸው ነው፤ ከአባባ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ የነበረው። አሁን ጓድ አንዳርጋቸው ነው፤ አባባን ቀና ብሎ አያይም። ሣህሉ ጠመንጃውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ ገባ፤ ሱሪውን ሰብስቦ ቁስሉን ለሕዝብ አሳየ። ሴቶቹ «እሰይ! ውይ በሞትኩት!» አሉ፤ የትኛዋ እሰይ እንዳለች፣ የትኛዋ ውይ እንዳለች አልለየሁም።

አባባ ተነሡ። «በየት በኩል ገባህ?»

«‹ጓድ› ብሎ ይጥራኝ!» አለ ሣህሉ ወደ ሰብሳቢው ዞሮ።

«እሺ። ጓድ ሣህሉ በየት በኩል ገቡ?»

«በአጥር። ነጋዴ የደበቀውን እህል ለመፈተሽ።»

«በበሩ ቢመጡ ምን ነበረበት? ‹ቤቶች› ቢሉ የሚከለክልዎ ማን ነበር?»

«አብዮት ‹ቤቶች› አይልም!»

ተጨበጨበ። ጀላል፣ ወላሂ ተጨበጨበ። ከኋላዬ አንዱ «ታዲያ ውሻው አብዮት መሆኑን በምን ይወቅ፤ አልተነገረው» አለ፤ ሳቅ ሆነ፤ ሳቁ ለእኛ የሚሆን መሰለኝ። ቀጥሎ ግን ሣህሉ «እኚህ ሰው ቤቴ ድረስ መጥተው አፉ በለን ብለውኛል። ጥፋት የሌለበት ሰው አፉ በለኝ ይላል?» አለ። ሰብሳቢው «ብለዋል ወይስ አላሉም?» ብሎ ጠየቀ። አባባ ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። «ብያለሁ» አሉ።

በዚያው አለቀ። የጤና ረዳቱ ውሻው አላበደም ብሎ የጻፈው ወረቀት ተነበበ፤ ይረዳናል ብዬ ነበር። «ጤነኛ ከሆነማ አውቆ ነው የነከሰው» ተባለ። ውሻው ይወገድ፤ ባለቤቱ በሥራ ላይ ያለ ጓድ በማስነከሱ ሦስት ወር ይታሰር። ይግባኝ ለከፍተኛው ሸንጎ ማለት ይቻላል፤ እስከዚያው ዳማ ቀበሌው ግቢ ዋርካው ሥር በሰንሰለት ታስሯል። ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበታል። አይጮህም። የራሱ ግቢ ስላልሆነ ይመስለኛል።

አባባ የታሰሩት የት እንደሆነ ታውቃለህ? በመጋዘናቸው። በስድሳ ሰባት ትርፍ ቤት ብለው የወሰዱባት፣ አቡጀዲ የምንከምርባት። ስንቅ ሳደርስ በቀዳዳው «ግድግዳዋ ዛሬም ጣቃ ጣቃ ይሸታል» አሉኝ። ከነገ ወዲያ ዐረፋ ነው።

ቤት ማን ነበር ላልኸው፣ ማንም አልነበረም። እማዬና እኔ ፋሲሎ አራስ ልንጠይቅ ሄደን ነበር። ዘይነት ከእኛ ቀድማ ተመልሳ ኖሮ፣ ስንገባ ገንዳው አጠገብ እጇን በአፈር ስታሽ አገኘናት። እሷም ምንም አላየችም። በዚህ ነገር ደግመህ አትጠይቀኝ።

እህትህ ሸሪፋ


ጅማ፣ ህዳር 18 ቀን 1970 ዓ.ም.

ሸሪፋ፣

ደብዳቤሽን አነበብሁት፤ አጠፍሁት፤ ሥራ ሄድሁ። የአንድ ሰው የመሬት ክርክር እየገለበጥሁ ሳለ እጄ ቆመ። «እጇን በአፈር ስታሽ አገኘናት።»

በአፈር።

በሳሙና አይደለም። በእኛ ቤት ሰው እጁን በአፈር የሚያሸው በምን ምክንያት ነው? አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ አውቃለሁ፤ ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖቹ እንኳ አይተው ያውቃሉ። የውሻ አፍ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር። ዳማ የላሰውን ሳህን አባባ ራሳቸው በአፈር ሲያሹት ስንት ጊዜ ቆመን አየን። ውሃ ያጠጣነው በራሱ ገል ነው። ዘይነት ሙሉ እጇ ዳማ አፍ ውስጥ የሚገባበት ምን ጉዳይ ነበራት?

ልንገርሽ። ዳማ የያዘውን አይለቅም። ሣህሉ ግን እግሩ ሳይቆረጥ፣ ሱሪውን ሰብስቦ የሚያሳየው ቁስል ብቻ ይዞ ወጣ። አንድ ሰው መንጋጋውን ፈልቅቆ አላቅቆታል። ያች ልጅ ቤት ነበረች። የመጣባትን ሰውዬ እግር ከውሻዋ አፍ በእጇ አወጣችለት፤ ከዚያ ተቀምጣ እጇን በአፈር ታጠበች፤ እሱ ደግሞ ሄዶ ከሰሰ!

ያውቃል። ሸንጎው ፊት ቁስሉን ሲያሳይ ማን እንዳተረፈው ያውቃል። አባባ «በየት ገባህ» ሲሉት ያውቃል። ይህን እያሰብሁ ታይፑን በጡጫ መታሁት፤ አንዲት ፊደል ተሰብራለች። ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝና ምንም አልጠየቀኝም። እዚህ አሁን ሰው ሰውን ምን ሆንህ አይልም።

አንቺስ? «ማንም አልነበረም» ብለሽ በእጅሽ ጽፈሽ፣ በፖስታ አሽገሽ፣ ቴምብር በምላስሽ አርሰሽ! ለእኔ!

የይግባኝ ማመልከቻ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ሰውየው በሥራ ላይ አልነበረም፤ እህል ሊፈትሽ የሚመጣ ሰው ብቻውን፣ ትእዛዝ ሳይዝ፣ ወንዶቹ መስጊድ ሲሆኑ ካብ አይዘልልም። ጥፋቱ የራሱ ነው። ይህን ሊያስረዳ የሚችል አንድ ምስክር አለ። ስሟን ጽፌዋለሁ። ዘይነት ትቅረብና ያየችውን ትናገር፤ አባባ በማግስቱ ይወጣሉ፤ ዳማም ይፈታል። ሕግ ማለት ይህ ነው፤ ማን ነበር፣ ምን አየ። በቃ።

ውሻ በርና አጥርን ይለያል። ቤት ሙሉ ሰው እንዴት ይህን መናገር ያቅተዋል?

ጀላሉዲን


ባህር ዳር፣ ህዳር 26 ቀን 1970 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ማመልከቻህ ደርሶኛል። ጽሑፍህ ያምራል። የተሰበረችው ፊደል ቦታ ሁሉ በእስክርቢቶ ሞልተኸዋል።

አሁን እኔን ስማኝ። ከጅማ ሆነህ «ትቅረብና ትናገር» ማለት ምን ያህል ቀላል ነው! የት ትቅረብ? ለማን ትናገር? አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ ሣህሉ ጠመንጃ ተደግፎ እያያት፣ «ሰውየው እኔን ብሎ ነው የመጣው» ትበል? ከዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይመስልሃል? «ነካሽ?» ነው። ሁለተኛው «ካልነካሽ ምን ሆንሽ?» ነው። «ከነካሽማ…» ብለው ሦስተኛውን በሳቅ ይጨርሱታል። አንተ ተመልሰህ ታይፕህን ትመታለህ። እሷ ግን በዚያው ገበያ፣ በዚያው ቧንቧ ተራ፣ በዚያው ሠርግ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ ትመላለሳለች።

አዎ፣ ቤት ነበረች። ልብስ ታሰጣ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት ከምትጠብቅበት ጊዜ አንሥቶ ሣህሉ ለቀበሌው ኪነት ሲፈልጋት ነበር። እሱ ነው የኪነቱ ኃላፊ። አባባ በሰው «ልጄ አደባባይ ወጥታ አትዘፍንም» ብለው መለሱ፤ ደግሞ ላከ፤ ደግሞ መለሱ። ያን ዓርብ ራሱ መጣ። ካቡ ላይ ተቀምጦ «ዛሬስ ማን ይመልስልሻል?» አላት። ከዚያ ወረደ። ከዚህ በላይ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ማንም አልነበረም ብላ እንድትል ያልኋት እኔ ነኝ። ተቆጣኝ። ደግሜም እላታለሁ።

አባባ የሸንጎውን ጠባይ ሳያውቁ፣ በየዋህነት አፉ በለን ያሉ ይመስልሃል። እኔም መስሎኝ ተናድጄባቸው ነበር። የሸንጎው ዕለት ማታ እማዬ ለብቻ ጠርታ ነገረችኝ። አባባ ከጁምዓ ሲመለሱ የዘይነት እጅ ከአፈሩ ብዛት ተልጦ አዩት። «ዳማ ነካሽ?» አሏት። «አዎ።» ዝቅ ብለው «ሌላስ የነካሽ አለ?» አሏት። «የለም፤ ዳማ ቀደመ» አለች። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወጡ። ሲመለሱ ለእማዬ ዳቦ ጋግሪ አሏት። ገባህ? በዚያ ዳቦ የዘይነትን ስም ከሰው አፍ ሊያወጡ ነበር የሄዱት። ሰውየው ቆርሶ ሲበላ ያለቀ መሰላቸው። ጥፋታቸው ይህ ብቻ ነው፤ የበላውን የሚያከብር ሰው ፊት የቆሙ መስሏቸው ነበር። ሸንጎው ፊት «ብያለሁ» ያሉትም ለዚሁ ነው። ለምን እንዳሉ ቢናገሩ ስሟን መጥራት ነበረባቸው።

ሰኞ ሣህሉ ሱቅ መጣ። አሁን ምርኩዝ ይዟል፤ ሰው ሲያየው ነው የሚያነክሰው። ጨርቅ የሚመርጥ መስሎ፣ «ዘይነት ኪነት ትግባ። አባትሽም ይወጣሉ፣ ውሻውም ይረሳል» አለኝ።

«ውሻው ይረሳል?»

«ፋይሉ ማለቴ ነው» አለና ሳቀ።

በመቀሱ… አልጽፈውም። መቀሱን ወደ መሳቢያው መለስሁት።

ያየ ሌላ ሰው የለም ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። አለ። ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ከጓሮዋ ጎመን ስትቀነጥስ ካቡ ላይ ሲወጣ አይታዋለች፤ ለእማዬ በሹክሹክታ ነግራታለች። «መስክሪልን» ብላ እማዬ እጇን ያዘቻት። «ባሌ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፣ ልጆች አሉኝ ሀቢባዬ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ በራችንን አልረገጠችም። የሽሮ አተር ስትቆላ ሽታው ይመጣል፤ እሷ አትመጣም። እሷን አልቆጣትም። ማንን እንደምቆጣ ሲጠፋኝ ነው አንተን የምቆጣው።

ማመልከቻውን ግን አስገብቻለሁ። የዘይነትን ስም በምላጭ ቆርጬ አወጣሁት። ቀጠሮው ታኅሣሥ 14 ነው። ዓርብ። ስድስት ሰዓት። ሽማግሌዎቻችን ሁሉ መስጊድ የሚሆኑበትን ሰዓት ማን እንደመረጠው አንተው ገምት።

ሸሪፋ


ጅማ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1970 ዓ.ም.

ሸሪፋዬ፣

አጭር ነው የምጽፈው። ፖስታው የተከፈተ ይመስላል፤ ያንቺም፣ የእኔም። ቢከፍቱትስ። ስለ አንድ ውሻ ነው።

ማክሰኞ አንዲት ልጅ መሰከረች። ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሌላ ሰው ነው። እኔ ቃሏን እገለብጥ ነበር። በየመሐሉ አዳራሹ ይስቃል። ተናገረች፣ ሳቁ። ዝም አለች፣ ሳቁ። ጠየቋት፣ መልስ ሳትሰጥ ሳቁ። ከሰዓት መዝገቡን ሳስተካክል አየሁት፤ ጥያቄው አለ፣ መልሱ አለ፣ ሳቁ የለም። ሳቅ በመዝገብ አይጻፍም። ወረቀቱን ያነበበ ሰው፣ ልጅቱ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ተጠይቃ መልሳ ወደ ቤቷ የሄደች ይመስለዋል።

እኔ እስከዛሬ የማውቀው ወረቀቱን ነበር።

ስሟን የቆረጥሽበት ምላጭ ይባረክ። አትቅረብ። አባባ ሦስት ወራቸውን ይጨርሱ። ዳማ ይሙት። ይኸው ጻፍሁት። ይሙት። ቤቱን በመጠበቁ፣ በደንቡ፣ ባሳደግነው መንገድ ይሙት፤ የሚገድለውን ሰውና የሚገድለውን ሕግ እኔ እስክሞት እረግማለሁ። ለእሷ ግን ይህን አታንብቢላት። ቅርጫቱ ውስጥ ጣቷን ያስገባች ጊዜ ዝም እንዳልኋት፣ አሁንም ዝም እላታለሁ በያት። ወይም ምንም አትበያት።

ሌሊት ሌሊት እግር እሰማለሁ፤ መስኮቱን እዘጋለሁ። የዘጋሁትን መልሼ አያለሁ። እዚህ ውሻ የለኝም።

ጀላል


ባህር ዳር፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1970 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ዛሬ ጧት ደረሰ። ዘይነት ናት ከፖስተኛው የተቀበለችው፤ ከፍታ አነበበችው። ስደርስ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ ነበር።

«ፈርቷል» አለች።

«ለአንቺ ነው የፈራው።»

«ሁላችሁም ለእኔ ነው የምትፈሩት። አባባ ለእኔ ፈርተው መጋዘን ገቡ። እማዬ ለእኔ ፈርታ አትተኛም። አንቺ ለእኔ ፈርተሽ ወረቀት ትቆርጫለሽ። ሣህሉ ብቻ ነው በእኔ ያልፈራ። በየቀኑ ቀበሌው በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፋቃል።»

«ይስቁብሻል፣ ዘይነት። ያነበብሽውን አነበብሽ።»

«ይሳቁ። አሁንስ ምን እያደረጉ ነው? ትናንት ቧንቧ ላይ አንዷ ‹የውሻው እመቤት መጣች› አለች። ሳቁኮ ተጀምሯል፤ እናንተ ብቻ ናችሁ ያልሰማችሁት።»

ምን ልበላት? አንተ ብትሆን ምን ትላታለህ? በአፌ የመጣው «ዝም በይ» ነው። አልሁት። ቀና ብላ አየችኝ፤ አይቼባት በማላውቀው የቁጣ ዓይን።

«ዳማን ‹ልቀቀው› አልሁት፤ አልሰማም፤ በእጄ አላቀቅሁት። ከዚያ ‹ተቀመጥ› አልሁት፤ ተቀመጠ። ሣህሉ ደሙን እያንጠባጠበ ካቡን ሲወጣ ዳማ ተቀምጦ ያየዋል፤ ስለነገርሁት። አንቺ ‹ዝም በይ› አልሽኝ፤ ዝም አልሁ። እሱ ሰንሰለት ላይ ነው። እኔስ?»

ተነሥታ ገባች። የእማዬን ጥቁር ነጠላ ለብሳ ወጣች። እማዬ ከምድጃው አጠገብ ብድግ ብላ በሩ ላይ ቆመች፤ ሁለት እጇን መቃኑ ላይ ዘርግታ። ዘይነት አልገፋቻትም። ፊቷ ቆመች። ብዙ ቆሙ። ይህን የምጽፍልህ እነሱ እንደቆሙ ነው፤ ሌላ የማደርገው ስላጣሁ፣ ሁለቱን ከማይ ወረቀት ባይ ይሻላል ብዬ። ከመስጊድ አዛን ይሰማል። ወንዶቹ ሄደዋል። ከሐይቁ ነፋስ አለ፤ የተሰጣው ልብስ ይርገበገባል፤ ያን ቀንም እንዲህ ነበር መሰለኝ።

አሁን ከውጭ በኩል ድምፅ መጣ።

«ቤቶች!»

ሦስታችንም ደነገጥን። እስከዛሬ ይህ ቃል ሲጠራ ዳማ ነበር ቀድሞ የሚመልሰው። የጮኸ የለም።

«ቤቶች! ሰው የለም እንዴ? ሀቢባ!»

እትዬ ውዴ ናት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የቅዳሜ ገበያ ጫማዋን አድርጋ፣ ፊቷ ከንዴት ብዛት የበሰለ በርበሬ መስሎ። እማዬ እጇን ከመቃኑ ላይ አወረደች፤ ሄዳ ከፈተችላት።

«ስንት ቀን ከዚህ በር ተመለስሁ!» አለች እትዬ ውዴ፣ ጠብ የፈለገች ይመስል። «ባሌን ‹እሄዳለሁ› ብለው ‹አብደሻል› አለኝ። ‹አላበድሁም፤ ካበድሁማ የጤና ረዳቱ ይጻፍልኝ› አልሁት። ከኔ ጎመን መደብ ላይ ቆሞ ነው ካብሽ ላይ የወጣው፣ ሀቢባ። ጎመኔን ረግጦ! የትኛዋ ናት የምትሄደው? ነይ፤ ሰዓት አልፏል።»

እማዬ ከበሩ ኋላ ተንጠልጥሎ የከረመውን የዳማን የአንገት ጠፍር አወረደች፤ አየችው፤ በባዶ እጇ ያዘችው፤ እሷ፣ «አፉ ልብሳችሁን እንዳይነካ» ስትል የኖረችው። ለዘይነት ሰጠቻት። ከዚያ ጫማዋን ፈለገች። ከአልጋው ሥር አወጣሁላት።

«ልምጣ?» አልሁ።

«አንቺ ቤት ጠብቂ» አለችኝ እማዬ።

ከመስኮቱ አያቸዋለሁ። ሦስቱ በግቢው መሐል እየሄዱ ነው፤ እትዬ ውዴ ከፊት፣ ዘይነት ጠፍሩን በተላጠ እጇ ጠቅልላ፣ እማዬ ከኋላ። ወደ ካቡ ዞራ ያየች የለችም። አሁን በሩ ላይ ደርሰዋል። ዘይነት ቆማ ወደ እኔ ዞረች።

በሩ ተዘጋ።